ዮሴፓ፦ የአስራ አምስት ዓመቱ «ሽማግሌ»

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ይህን ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡናው ተቆልቶ፣ እጣኑ ጨሶ፣ ጨዋታው ገና ሞቅ ማለት ሲጀምር በር ይንኳኳል። ሲከፈት ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ክራቫት፤ ደረታቸው ላይ ትንሽ ጥቁር ባጅ። ፂማቸው በወጉ አልበቀለም፤ ባጁ ላይ ያለው ማዕረግ ግን በእኛ ቋንቋ «ሽማግሌ» ማለት ነው። የእግዚአብሔር እንግዳ ናቸውና ግቡ ይባላሉ፤ ይገባሉ። ቡና ይቀዳላቸዋል፤ አይጠጡም። አቦሉን ብቻ፣ አፈር ስሆን፣ በሞቴ ተብለው ቢለመኑም አይጠጡም። ሃይማኖታቸው ይከለክላል። ቡና አፍይዋ ቅር ይላታል፣ ልጆቹ በሃፍረት ይቀላሉ፣ እግራቸው ከደጅ እንደወጣ አንዱ «ሞርሞኖች ናቸው» ይልና ወሬው ወደ ብዙ ሚስት ማግባት ይዞራል። ይሳቃል፣ በሩ ይዘጋል።

እኛም ስቀናል። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀን አለ። እነዚህ እኮ ልጆች ናቸው! ከእናታቸው ቤት አውጥቶ የማያውቁት አገር የሰው በር እንዲያንኳኩ የላካቸው ማን ነው? ቀኑን እንዴት ይገፉታል? ማታ መብራት ሲጠፋስ፣ ቀን ሲሰብኩት የዋሉትን ያምኑታል? መልስ ፍለጋ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዘን 1854 ላይ፣ ሃዋይ ደሴቶች ላይ፣ አንድ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ዘንድ ደረስን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ስለ ዛሬዎቹ ጥቂት እንበል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሙሉ ስም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። በ1830 ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ የኒውዮርክ ገጠር ወጣት መሠረታት፤ መቀመጫዋ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ከተማ ነው። በ2024 መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ ያሰማራቻቸው ሚሲዮናውያን ከ74 ሺህ በላይ ነበሩ። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ አንድ ዓመት ተኩል ያገለግላሉ። ወንዶቹ ድሮ 19 ዓመት መሙላት ነበረባቸው፤ ከ2012 ወዲህ 18 ይበቃል። የት እንደሚሄዱ አይመርጡም። አንዱ ብራዚል ይደርሰዋል፣ አንዱ ጃፓን፣ አንዱ ደግሞ ዓለምን አያለሁ ብሎ ሲጓጓ እዚያው ጎረቤት አይዳሆ ይመደባል። ደመወዝ ብሎ ነገር የለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ወጪውን የሚሸፍኑት ከልጅነታቸው ጀምሮ ካጠራቀሙት ወይም ከቤተሰብ ኪስ ነው።

ኑሮው በሰዓት የተሸነሸነ ነው። ለረጅም ዘመን የቆየው ልማድ ጠዋት 12፡30 ተነስቶ ማታ 4፡30 መተኛት ነው። ጸሎት፣ የመጽሐፍ ጥናት፣ የቋንቋ ጥናት፣ ከዚያ መንገድ። ብቻውን የሚሄድ የለም፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ ያ ጓደኛህ ደግሞ አንተ የመረጥከው ሳይሆን የተመደበልህ ነው። ቢያንኮራፋም፣ ቢነጫነጭም፣ ካንተ ጋር ያድራል፣ ካንተ ጋር ይውላል። የሴት ጓደኛ የለም፣ ሲኒማ የለም። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ይታጠባል፣ አስቤዛ ይገዛል። ቤት መደወል እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በገና እና በእናቶች ቀን። አሁን በየሳምንቱ ተፈቅዷል። ሰው አገር ልጅ ልኮ ስልክ ስልክ ሲያይ የሚውል ቤት ያደገ ሰው ይህች ለውጥ ምን ያህል እንደሆነች አይጠፋውም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ የተወለደው በህዳር 1838 ሚዙሪ ውስጥ ነው። ከመወለዱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የሚዙሪ ገዢ ሞርሞኖች ከግዛቱ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ልጁ ሲወለድ አባቱ ሃይረም ታስሯል። የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ አጎቱ ነው፤ ሃይረም የመሥራቹ ታላቅ ወንድም። በሰኔ 1844 ኢሊኖይ ውስጥ ካርቴጅ በተባለች ከተማ፣ ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡ የታጠቁ ሰዎች እስር ቤቱን ሰብረው ገብተው ሁለቱን ወንድማማቾች ገደሏቸው። ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሜሪ ፊልዲንግ ልጆቿን ሰብስባ በ1848 በበሬ ጋሪ ሜዳውን አቋርጣ ዩታ ስትገባ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ጆሴፍ በሬ ነጂ ሆኖ ነው አብሯት የተጓዘው። በ1852 እሷም ሞተች። አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ታናሽ እህቱ ማርታ አንን ይዞ ቀረ።

ያለ አባት ያለ እናት የቀረ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ቁጡ ሆነ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት መምህሩ ማርታ አንን ሊገርፍ የቆዳ ጠፍር አወጣ። ጆሴፍ ብድግ ብሎ «እሷን አትነካም» አለ። መምህሩ ወደ እሱ ዞረ። ኋላ ራሱ ባወራው መሠረት የተገረፈው ጆሴፍ አልነበረም፤ መምህሩ ነበር! ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በሚያዝያ 1854፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ላይ ለሚሲዮን የሚሄዱ ሰዎች ስም ሲነበብ የእሱም ስም ተጠራ። ቅጣት ነበር ወይስ ጥሪ? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌዎቹ መረን ሊወጣ ያለ የሰማዕት ልጅ አዩ፤ ሥራ ሰጡት። እኛ አገርም ቢሆን አንዳንድ ልጅ ለቆሎ ትምህርት ከቤት ሲወጣ የእግዚአብሔር ፍቅር ብቻ አልነበረም የሚያስወጣው።

የቆሎ ተማሪን ያነሳነው አለምክንያት አይደለም። የዚያ ዘመን የሞርሞን ሚሲዮናዊም የሚወጣው ያለ ገንዘብ ነው። ወንጌሉ ላይ ከረጢት አትያዙ የተባለውን ቃል በቃል ወስደው፣ ምግባቸውንና ማደሪያቸውን ከሚሰብኩለት ሕዝብ ለምነው ይኖሩ ነበር። ጆሴፍ በግንቦት መጨረሻ ከዩታ ተነስቶ ካሊፎርኒያ ደረሰ፣ እዚያ የጉልበት ሥራ ሠርቶ የመርከብ ዋጋውን አገኘ፣ በመስከረም 1854 ሆኖሉሉ ወረደ። አስራ ስድስት ሊሞላው ሁለት ወር ሊቀረው ነው።

ሃዋይ ያን ጊዜ የአሜሪካ አካል አይደለችም፤ የራሷ ንጉሥ ያላት ነፃ መንግሥት ናት። ንጉሡ ካሜሃሜሃ ሦስተኛ ልጁ በደረሰ በሦስተኛው ወር ሞቱ። አገሩ በጠቅላላ ሐዘን ላይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ካፒቴን ኩክ በ1778 ደሴቶቹን ሲያገኝ የሕዝቡ ቁጥር በመቶ ሺዎች ይገመት ነበር፤ የ1853 ቆጠራ ያገኘው 73 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ገብቶ ሺዎችን ጨረሰ። በሽታውን ያመጡት መርከቦች ናቸው። ሚሲዮናውያኑም የመጡት በመርከብ ነው። ይህን እዚህ ጋ ሳንጽፍ ማለፍ አልቻልንም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ሕዝቡ ክርስቲያን ነበር። ከኒው ኢንግላንድ የመጡ ፕሮቴስታንቶች ከ1820 ጀምሮ እዚያ ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስ በ1839 ሙሉ በሙሉ ወደ ሃዋይኛ ተመልሷል፤ ማንበብ የሚችለው ሰው ቁጥር ብዙ የአውሮፓ አገሮችን የሚያስንቅ ነበር። ስለዚህ ልጁ የሄደው «ወንጌል ወዳልደረሰበት» አይደለም። የሄደው ከእሱ የተሻለ ወደተማሩ ሰዎች ነው። እሱ ራሱ መደበኛ ትምህርቱ መምህሩን የገረፈ ቀን አብቅቷል።

ከእሱ በፊት የመጡት አስር ሞርሞኖች በታህሳስ 1850 ነው የደረሱት። ዓላማቸው እዚያ ላሉ ነጮች መስበክ ነበር፤ ነጮቹ ዞር ብለው ስላላዩዋቸው ግማሾቹ ወዲያው ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። ከቀሩት መካከል ጆርጅ ኪው. ካነን የተባለ የ23 ዓመት ወጣት ቋንቋውን ልማር ብሎ ማዊ ደሴት ላይ ዮናታን ናፔላ የሚባል ሃዋይያዊ ዳኛ ቤት ደረሰ። ናፔላ የተማረ፣ የተከበረ ሰው ነው። ከካነን ጋር ቁጭ ብሎ መጽሐፈ ሞርሞንን ወደ ሃዋይኛ መለሱት፤ በ1855 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ታተመ። (ናፔላ ኋላ በ1873 ሚስቱ የሥጋ ደዌ ታማ ሞሎካይ ደሴት ላይ ወዳለው የበሽተኞች መንደር ስትወሰድ አብሯት ሄደ። እሱም በሽታው ያዘው፤ እዚያው በ1879 ሞተ። ስለ እምነት የሚጻፍ ነገር ሁሉ ስለ ነጭ ልጆች መሆን የለበትምና ይህን ሰው ስሙን ያዙልን።)

ጆሴፍ የተመደበው እዚያው ማዊ ላይ፣ ኩላ በተባለ የተራራ ወገብ ነበር። ቋንቋውን እንዲማር ከአገሬው ሰው ጋር ብቻውን ተቀመጠ። የሚያውቀውን ቋንቋ የሚናገር የለም። ጎጆው የሣር፣ መኝታው ምንጣፍ፣ ምግቡ ፖይ።

ስለ ፖይ ትንሽ እናውራ፤ ያን ልጅ ያቆመው እሱ ነውና። ፖይ የሚሠራው ከጎደሬ ነው፤ የደቡብ ልጆች በደንብ የምታውቁት ያው ጎደሬ። ሃዋይያውያን ጎደሬውን ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ ያበስሉና በድንጋይ ይወቅጡታል፣ ውሃ እየጨመሩ ልል ገንፎ ያስመስሉታል። ሲያድር ይኮመጥጣል። ቤተሰቡ በአንድ ዕቃ ዙሪያ ተቀምጦ በጣቱ እየጠቀለለ ይበላል። ለእኛ እንዲህ ያለ ማዕድ እንግዳ ነገር አይደለም። በሹካ ለለመደ ፈረንጅ ግን ጭንቅ ነበር፤ ካነን ፖይ እንዲጣፍጠው እግዚአብሔርን መለመኑን ራሱ ጽፏል። ጸሎቱ ተሰማለት፤ ወዶት ቀረ። እኛ እንደምንገምተው ከጸሎቱም ይልቅ ርሃቡ ሳይረዳው አልቀረም።

ጆሴፍ ደሴቶቹ ላይ በደረሰ በመቶ ቀን ውስጥ በሃዋይኛ መስበክ ቻለ ይባላል። እሱ ይህን ከሰማይ የተሰጠ ስጦታ አድርጎ ነው ያየው። እኛ አልጨቃጨቅም። ግን ያ ስጦታ የመጣው በምን በኩል እንደሆነ ማየት ይቻላል፤ ማዕድ ላይ ቃል እየነገሩ፣ ሲሳሳት እየሳቁ፣ ደግመው እየነገሩ ያስተማሩት ሰዎች አሉ። ስሙንም የሰጡት እነሱ ናቸው። ጆሴፍ በሃዋይኛ «ዮሴፓ» ነው። ከዚያ በኋላ ለእነሱ ሌላ ስም የለውም።

ቀጥሎ ታመመ። ከባድ ትኩሳት ነበር፤ ብዙ ሳምንት ጣለው። አንዲት ማ ማሁሂ የምትባል ሃዋይያዊት ሴት ቤቷ አስገብታ እንደ ልጇ አስታመመችው። ስለዚህች ሴት የተጻፈው ጥቂት ነው። እሷ አልጻፈችም፤ እሱ ነው ሲያወራላት የኖረው። እናቱ ከሞተች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር ከቤት ሲወጣ። ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጦ ሊያስተምር የሄደው ልጅ መጀመሪያ ያገኘው የምታበላው እናት ነው።

ሲድን ሥራው ቀጠለ፤ ሥራ ስንል እግር ነው። ከመንደር መንደር በእግር፣ ከደሴት ደሴት በጀልባ። አስራ ሰባት ሳይሞላው የማዊ ምእመናን ኃላፊ አደረጉት፤ ከዚያ ሂሎ፣ ኮሃላ፣ ሞሎካይ። ከእሱ በብዙ ዓመት የሚበልጡ ሰዎች ሲጣሉ ያስታርቃል፣ የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል። ባጁ ላይ ያለው «ሽማግሌ» እዚህ ጋ ቀልድ መሆኑ ይቀራል።

በ1856 ላናይ ደሴት ላይ የሚሲዮናውያኑ ዕቃ የተቀመጠበት ቤት ተቃጠለ። የጆሴፍ ልብስ፣ መጻሕፍቱ፣ እስከዚያ የጻፈው የዕለት ማስታወሻ ሁሉ አመድ ሆነ። ከእሳቱ በኋላ ከጓደኛው ጋር ለሁለት አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ቀርቷቸው፣ አንዱ ለብሶ ጉባኤ ሲሄድ ሌላው ተኝቶ ይጠብቀው ነበር እየተባለ ይተረካል። ዛሬ ነጩ ሸሚዝ ንጹህ ካልሆነ ተቆጣጣሪው ያያል ብለው የሚጨነቁ ልጆች ይህን ታሪክ እየሰሙ ነው የሚያድጉት።

ከ1856 በኋላ የጻፈው ማስታወሻ ግን ተርፏል፤ ያ ማስታወሻ ቅዱስ ሥዕል አይደለም። ርሃብ አለ፣ ቁንጫ አለ፣ ምሬት አለ። ስላስጠጉት ሰዎች ንጽሕና እና ስንፍና የጻፋቸው፣ ዛሬ ሲነበቡ የሚያሸማቅቁ ቃላት አሉ። ማታ ፖያቸውን በልቶ፣ በምንጣፋቸው ላይ ተኝቶ፣ በእንግሊዝኛ ያማቸዋል። የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ይናደዳል፣ ይባባል ብለን ልናልፈው እንችላለን። ግን ነጭነቱም እዚያ አለ፤ ርኅራኄ ሲደረግለት እንኳ ራሱን ከፍ አድርጎ የሚያይ ዓይን ይዞ ነው የመጣው።

ስብከቱስ? አልሰመረም። እሱ የደረሰው የመጀመሪያው ሙቀት ሲበርድ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ በሺዎች የተጠመቁት ሰዎች ቀስ በቀስ መቅረት ጀመሩ፤ ላናይ ላይ የተቋቋመው የምእመናን ሰፈር ድርቅና ተባይ መታው። መንደር ደርሶ ሰው አጥቶ የሚመለስበት ቀን ብዙ ነበር። የዛሬዎቹም ቢሆን ከመቶ በር ስንቱ እንደሚከፈት ብትጠይቋቸው ፈገግ ነው የሚሉት።

እና እምነቱ? የምንፈልገው ይህን አይደል? እኛ እንደምናየው ልጁ ከዩታ ሲወጣ የያዘው እምነት የውርስ ነበር። አባቱ የሞተለትን ነገር መጠራጠር አባትን ደግሞ እንደመግደል ይሆናል። እንዲህ ያለ እምነት ከባድ ነው እንጂ የራስ አይደለም። የራሱ የሆነው ደሴቶቹ ላይ ነው፤ ምናልባትም በአንድ ሌሊት። በጣም ተርቦ፣ ልብሱ ቡትቶ ሆኖ፣ ከሰው በታች ነኝ ብሎ ሰው ፊት ማየት ባፈረበት ወቅት ሕልም አየ። በሕልሙ እየተጣደፈ ነው፤ መንገድ ላይ ታጥቦ ንጹህ ልብስ ለበሰ፤ አንድ ትልቅ ቤት ደረሰ፤ በሩ ላይ የተገደለው አጎቱ ቆሟል፤ ዘግይተሃል አለው። አዎ፣ ግን ንጹህ ነኝ አለ ልጁ። ውስጥ አባቱም እናቱም ነበሩ።

ሽማግሌ ከሆነ በኋላ ይህን ሕልም ሲያወራ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሰው ሆንኩ ይል ነበር። ሕልም እንደፈቺው ነው። እኛ ያየነው አንድ ብርድ ልብስ ያለው ወላጅ አልባ ልጅ ቤቱን ሲያልም ነው። የዕለት ጭንቀቱ ደግሞ ሌላ ሳይሆን ቆሻሻ ልብሱ ነበር፤ ሰማዩም የመጣለት በዚያው በኩል፣ በገላ መታጠቢያና በንጹህ ልብስ። መጣል የማይቻል ነገር እንዳገኘ ግን በኋላ ሕይወቱ ያሳያል። በ1857 የአሜሪካ መንግሥት ጦር ወደ ዩታ ሲዘምት ሚሲዮናውያኑ ሁሉ ተጠሩ። ጆሴፍ በካሊፎርኒያ በኩል ሲመለስ መንገድ ላይ ሰካራም ሽጉጠኞች አገኟቸው። ጓደኞቹ ጫካ ገቡ። አንዱ ሽጉጡን ደቅኖ «ሞርሞን ነህ?» አለው። ልጁ አልሸሸም። ነኝ፣ ከእግር እስከ ራሴ ነኝ አለ። ሽጉጠኛው ደስ ብሎት ጨበጠው። በየካቲት 1858 ቤቱ ገባ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እንሩጥበት። በ1860 ወደ እንግሊዝ ሌላ ሚሲዮን ሄደ። በ1864 ደግሞ ወደ ሃዋይ ተላከ፤ ዋልተር መሪ ጊብሰን የሚባል ሰው የምእመናኑን የላናይ መሬት በገዛ ስሙ አስጽፎ ስለነበር ያንን ሊያጣሩ ከትልልቆቹ ሐዋርያት ጋር። ላሃይና ወደብ ላይ ማዕበል ነበር። ጆሴፍ ባሕሩን ያውቀዋልና በትንሿ ጀልባ አትውረዱ አለ። አልሰሙትም፤ እሱ መርከቡ ላይ ቀረ፣ እነሱ ወረዱ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ሎሬንዞ ስኖው ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ በመከራ ነፍስ ዘሩበት። ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላም የደሴቱ ልጆች ያስተማሩት ባሕር አልረሳውም ነበር።

በ1901 ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ የመላው ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚደንት ሆኑ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ነው። ረጅም ጢም፣ ብዙ ሚስቶች፣ ብዙ ልጆች፤ የአሜሪካ ሴኔት ጠርቶ ስለ ሚስቶቻቸው የመረመራቸው ሰው። እዚህ ጋ ግን እንደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልናልፈው የማንችለው ጉዳይ አለ። ከ1852 ጀምሮ ይህች ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ወንዶች ክህነት እንዳይቀበሉ ከልክላ ነበር። ሃዋይያውያንን አይመለከትም፤ እኛን ግን ይመለከታል። አንዲት ጠይም ሴት ከሞት ያተረፈቻቸው ሰው አስራ ሰባት ዓመት በላይ ላይ ተቀምጠው ይህን ክልከላ አላነሱም። የተነሳው በ1978 ነው። በ2013 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለክልከላው ሲሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች እንደማትቀበል በጽሑፍ አስታወቀች። ሒሳቡ ሙሉ እንዲሆን ይህም ይጻፍ፦ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጥር 27 ቀን 1985፣ የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች ቀኑን ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለኢትዮጵያና ለሌሎች የተራቡ አገሮች ሰጡ። ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ሁለቱንም ይዘን እንቆያለን፤ አንዱ አንዱን አያጣፋውም።

ሃዋይያውያኑም ወደ እሳቸው አገር መጥተዋል። በ1889 ሶልት ሌክ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ሃዋይያውያን ምእመናን ስከል ቫሊ በሚባል በረሃ መሬት ተሰጥቷቸው መንደር መሠረቱ፤ ስሙን ዮሴፓ አሉት። የባሕር ልጆች ጨው ሜዳ ላይ! ክረምቱ በረዶ፣ በጋው እሳት። ግን ውሃ ጠልፈው ዛፍና አበባ አበቀሉበት። በ1915 ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ ላዪ በተባለ ስፍራ፣ ቤተ መቅደስ እንደሚሠራ ሲታወቅ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ፤ በ1917 መንደሩ ባዶ ቀረ። ቦታውን የባረኩት ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲመረቅ ግን አላዩም፤ በህዳር 1918 ሞቱ፣ ቤተ መቅደሱ የተመረቀው በዓመቱ ነው። የዮሴፓ መቃብር ግን ዛሬም አለ። የተቀበሩት ሰዎች ዘሮች በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ እዚያ በረሃ ይሰበሰባሉ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ፕሬዚደንቱ ካረጁ በኋላ ሃዋይን ሊጎበኙ ሆኖሉሉ ሲደርሱ ወደቡ ሰው በሰው ነበር። ሙዚቃው፣ የአበባው ጉንጉን፣ አቀባበሉ። አብሯቸው የነበረው ባልደረባቸው ቻርልስ ኒብሊ ያየውን ጽፎ አቆይቶታል። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ዘጠና ዓመት ገደማ የሚሆናት ዓይነ ስውር አሮጊት በሰው ተመርታ መጣች። እጇ ላይ ጥቂት ሙዝ ይዛለች፤ ስጦታዋ ነው። ፕሬዚደንት አላለች፣ አንቱም አላለች፤ ዮሴፓ፣ ዮሴፓ እያለች ተጣራች። ማ ማሁሂ ነበረች። ሰውየው ሰልፉን ትተው ሮጡ። አቅፈው ሳሟት፣ ራሷን ደባበሱ፣ እማማ፣ እማማ አሏት። ከዚያ ወደ ኒብሊ ዞረው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ልጅ ሆኜ ታምሜ ማንም ሳይኖረኝ ያስጠጋችኝ እሷ ናት አሉት።